በግማሽ ዋጋ የሚቀርብ ካርቶን የቸኮሌት ብስኩት፤ ከቀኑ በፊት ባች ቁጥሩን ፈልጉ

«ሊያልቅ ነው፣ ፍጠኑ» እየተባለ ከመደበኛው ዋጋ እጅግ ወርዶ በካርቶን የሚሸጥ የቸኮሌት ብስኩት ሲያገኝ፣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የመጠቀሚያ ጊዜውን ነው። ቀኑ ገና ከሆነ ይከፍላል። አጭበርባሪውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ቀን እንደገና ማተም ቀላል ነውና። እናንተ ግን አስቀድማችሁ ባች ቁጥሩን፣ ማለትም በአንድ የምርት ዙር የወጣውን እቃ ከሌላው የሚለየውን ቁጥር ፈልጉ። ከተፋቀ፣ ከተሸፈነ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ቅናሽ ሁሉ ማታለል አይደለም። ፋብሪካ የመጠቅለያውን መልክ ሲቀይር አሮጌው ክምችት በርካሽ ይወጣል። ትልቅ ገዢ ትዕዛዝ ሲሰርዝ ወይም የመጠቀሚያ ጊዜው ጥቂት ወር ሲቀረውም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ሁሉ ግን ሻጩ ባች ቁጥሩን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። ቁጥሩን የሚያጠፋ ሰው የሚያጠፋው እቃው ከየት እንደወጣ እንዳይታወቅ ነው። ከገበያ እንዲሰበሰብ የታዘዘ፣ እንዲወገድ ከመጋዘን የወጣ ወይም የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ የወረቀት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርት በታሸገ ምግብ እያንዳንዱ እሽግ ላይ ያመረተውን ፋብሪካና የምርቱን ዙር የሚለይ ምልክት በማይጠፋ መልኩ እንዲኖር ያዛል። ብስኩት ስንዴ አለው። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ወተትና የአኩሪ አተር ሌሲቲን (ስብን ከሌላው ይዘት ጋር የሚያዋህድ ንጥረ ነገር) ይይዛል። በዚያው ማሽን ሀዘልነት የሚባለው ፍሬ ወይም ለውዝ ያለበት ዓይነት ሊመረት ይችላል። በስህተት የለውዙ ብስኩት በሌላው መጠቅለያ ከታሸገ ፋብሪካው «ይህን ባች አትብሉ፣ መልሱ» ብሎ ያስታውቃል። ጥሪው ከአስመጪ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ቸርቻሪ የሚወርደው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተፋቀ ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል፤ እናንተ ጥሪውን ብትሰሙም እጃችሁ ላይ ያለው እሱ መሆኑን የምታውቁበት መንገድ የለም። የለውዝ አለርጂ ያለበት ልጅ ቤት ካለ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የተነካካ እሽግ ምልክቶች አሉት። በፕላስቲክ መጠቅለያ ላይ የሚታተመው ቀን አብዛኛውን ጊዜ በቀለም የተረጨ ስለሆነ በማሟሟቻ ፈሳሽ ይጠፋል። የተጠረገው ቦታ ግን አንጸባራቂነቱን ያጣል፤ ፓኬቱን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት። ፋብሪካ ቀኑን ብዙ ጊዜ የሚያትመው መጠቅለያው ገና ጥቅል እያለ፣ ብስኩቱን ከማቀፉ በፊት ነው። ስለዚህ ጽሁፉ ከጀርባው ስፌት አጠገብ ካረፈ አንዳንዱ ፊደል ከእጥፉ ሥር ገብቶ ይገኛል። ከታሸገ በኋላ የታተመ ቀን ግን እጥፉ ላይ ይቀመጣል እንጂ ሥሩ አይገባም። አሥር ፓኬት ደርድራችሁ ብታዩ የፋብሪካው ጽሁፍ በተቀራራቢ ቦታ ይሰለፋል፤ በእጅ የታተመው ወዲያና ወዲህ ይላል።

ቀጥሎ ካርቶኑን ከፓኬቱ ጋር አመሳክሩ። የካርቶኑ ጎን ላይ ያለው ባችና ቀን ውስጥ ካሉት ፓኬቶች ጋር አንድ መሆን አለበት። በአንድ ካርቶን ውስጥ ብዙ ባች ተደባልቆ ካገኛችሁ፣ ወይም የፋብሪካው ሙጫ ተገንጥሎ በላዩ ፕላስተር ከተለጠፈ፣ እቃው ወጥቶ እንደገና ታሽጓል። በሩቅ የምትገዙ ከሆነ የካርቶኑን ጎንና የአንዱን ፓኬት ጫፍ በአንድ ፎቶ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ለየብቻ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ምንም አያረጋግጡም።

የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ሁለቱም ካሉ፣ በመካከላቸው ያለውን ወር ቁጠሩና በመደበኛ ሱቅ ካለው የዚያው ምርት ፓኬት ጋር አስተያዩ። ለአንድ ምርት ርዝመቱ ያው መሆን አለበት። መደበኛው 12 ወር ሆኖ ርካሹ 24 ወር ካለ፣ አንዱ ቀን ተቀይሯል። 06/11 የሚል ጽሁፍም ያሳስታል፤ በአንዳንድ አገር ቀን ይቀድማል፣ በአንዳንዱ ወር። ጁን ይሁን ኖቬምበር ሻጩ ሳይሆን የምርቱ አገር አጻጻፍ ነው የሚወስነው።

አስመጪ በራሱ ስቲከር የይዘት ዝርዝሩን ቢተረጉም ሕጋዊ አሠራር ነው። በትክክል የተለጠፈ ስቲከር የአስመጪውን ስምና አድራሻ ይይዛል፣ ዋናውን ቀንና ባች አይሸፍንም። ቀኑ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ካያችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አስልጡት። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ስለ ሙቀት። የኮኮዋ ቅቤ በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ፀሐይ ላይ የቆመ ማቀዝቀዣ የሌለው ኮንቴነር ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ቀልጦ እንደገና የረጋ ቸኮሌት ከጊዜ በኋላ ነጭ ወይም ግራጫ ጉም ይለብሳል። ይህ ሻጋታ አይደለም፣ በራሱም አያሳምምም። ለብ ባለ ጣት ስታሹት ከጠፋ ወደ ላይ የወጣ ስብ ነው። ሻካራ ሆኖ በውሃ ጠብታ ከሟሟ ደግሞ እርጥበት ያወጣው ስኳር ነው። ሆኖም ጉሙ እቃው እንዴት እንደቆየ ይናገራል። ብስኩቶቹ እርስ በርስ ከተጣበቁ፣ ሽፋኑ ወደ አንድ ጎን ከፈሰሰ፣ ወይም ካርቶኑ ላይ የዘይት እድፍ ካለ፣ «ብርድ ነክቶት ነው» የሚለውን አትመኑ። ሙቀት የስቡን መበላሸት ስለሚያፋጥን፣ የመጠቀሚያ ቀኑ ሳይደርስም የቆየ ዘይት ሽታ ሊያመጣ ይችላል። የታተመው ቀን የሚሠራው በአግባቡ ለተቀመጠ እቃ ብቻ ነው።

የምርቱን ስም ከጀርባ አንብቡ። በኮዴክስ መስፈርት ቸኮሌት ለመባል ቢያንስ 35 በመቶ የኮኮዋ ይዘት፣ ከዚያም ውስጥ 18 በመቶ የኮኮዋ ቅቤ ያስፈልጋል፤ ለወተት ቸኮሌት 25 በመቶ ኮኮዋ ይበቃል። በ2024 የኮኮዋ ዋጋ በቶን ከ10,000 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ የኮኮዋ ቅቤን በፓልም ወይም በሌላ የአትክልት ስብ መተካት ይበልጥ አጓጊ ሆኖ ነበር። በግልጽ ከተጻፈ ወንጀል የለበትም፤ «የቸኮሌት ጣዕም ያለው ሽፋን» የሚለውን በቸኮሌት ዋጋ መሸጥ ግን መበዝበዝ ነው። ዝርዝሩ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ስለሚጻፍ፣ የአትክልት ስብ ከኮኮዋ በፊት ከመጣ የምትገዙትን አወቃችሁ።

ዋጋን በፓኬት ሳይሆን በ100 ግራም አስሉ። ክብደት ከተጠራጠራችሁ አሥር ፓኬት ሳትከፍቱ መዝኑ፤ አንዱን ከፍታችሁ ባዶ መጠቅለያውንና ትሪውን ለብቻ መዝናችሁ ከእያንዳንዱ ቀንሱ። በአውሮፓ ሕግ 250 ግራም የተባለ ፓኬት የሚፈቀድለት ጉድለት 9 ግራም ነው፤ የምርት ዙሩ አማካይ ግን ከ250 መውረድ አይችልም። ስለዚህ አሥሩም ከጎደሉ አጋጣሚ ነው የሚለውን ለመቀበል ይከብዳል።

ባርኮድ ላይ ብዙ አትመኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ቁጥሩን የሰጠውን ድርጅት ያሳያሉ እንጂ የተመረተበትን አገር አይደለም። ያም ሆኖ ልምድ የሌለውን አስመሳይ ያጋልጣል። ባለ 13 አሃዙን ከግራ ውሰዱ፤ 2ኛውን፣ 4ኛውን እያላችሁ እስከ 12ኛው ደምሩና በ3 አባዙ። በዚያ ላይ 1ኛውን፣ 3ኛውን እያላችሁ እስከ 13ኛው ደምሩ። ውጤቱ በ0 ካልጨረሰ ቁጥሩ የተፈጠረ ነው።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ከክምሩ መሃል ራሳችሁ የመረጣችሁት ካርቶን ይከፈት። ባች ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ሙሉ ክፍያውም ከዚያ በኋላ ይሁን።

የገዛችሁ ካላችሁ አለርጂ ላለበት ሰው አትስጡ፣ ለጎረቤትም አታከፋፍሉ። ካርቶኑን አትጣሉ። ስቲከሩን ከመላጣችሁ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሱ። ባች ቁጥሩ በከፊል እንኳ የሚነበብ ከሆነ ለአምራቹ ላኩና ቁጥሩ የእነሱ መሆኑን ጠይቁ። ከዚያ ለአገራችሁ የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስታመለክቱ የምርቱን ስም፣ የሚታየውን ቀን፣ የሻጩን ስልክና የከፈላችሁበትን ማስረጃ አያይዙ። ቢያንስ ሁለት ፓኬት ሳይከፈቱ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አቆዩ፤ ካልተከፈተ ናሙና የሚገኝ ማስረጃ ከተከፈተው ይልቅ የጠነከረ ነው።