ባለሦስት ድርቡ የበቆሎ ከረጢት ለጎጃም ገበሬ

በኅዳርና በታኅሣሥ የቡሬ፣ የወንበርማና የሜጫ በቆሎ ሲገባ፣ ጎተራ ውስጥ የሚጠብቀው ጠላት ነቀዝ ነው። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ይህን ያለ መድኃኒት ይገታል። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጭው ተራ ማዳበሪያ ነው፤ አንድ ኩንታል ይይዛል። አየር ሲዘጋበት ነቀዙ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና መብላቱን አቁሞ ይሞታል። ለምግብም ለዘርም ከተራው ማዳበሪያ በእጅጉ ይበልጣል።

ድክመቱ እርጥብ እህል አለመቻሉ ነው። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ ከሆነ መውጫ ስለሌለው በቆሎው ይሻግታል። መለኪያ ከሌለ፣ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅና ጥቂት ማቆየት ነው። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ እህሉ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ባይጣበቅም ከ15 በመቶ በታች መሆኑን ብቻ ስለሚያሳይ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ማስጣት ይሻላል።

ላስቲኮቹን በአየር ነፍቶ ቀዳዳ መፈለግ አይታለፍ። በቆሎው ተፈልፍሎ፣ የቆረቆንዳው ስባሪ ተበጥሮ ይግባ፤ ስለታም ነገር ላስቲክ ይበሳል። ከሞላ በኋላ አየሩን ጨምቆ የውስጡን ጠምዝዞ፣ አጥፎ በሲባጎ ማሰር፤ ቀጥሎ መካከለኛውን፣ ከዚያ ውጭውን። ሦስቱን ባንድ ላይ ማሰር ግን የከረጢቱን ጥቅም ያጠፋዋል። ከግድግዳ ራቅ አድርጎ በርብራብ ላይ ማስቀመጥ ከአይጥ ለመጠበቅ ይረዳል። የቀለቡ እህል በሌላ ዕቃ ይሁን፤ በየሳምንቱ የሚከፈት ከረጢት ነቀዙን አይገድልም።