ቦርዶ ማደር ይሻላል ወይስ ሳንቴሚሊዮን?

ወደ ፈረንሳይ ወይን ለመቅመስ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የትኛውን ሻቶ (የራሱን ወይን የሚጠምቅ እርሻ) እንደሚጎበኝ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ቀምሰህ ስትጨርስ ወደ ማደሪያህ የምትመለሰው በምንድን ነው? ይህ ከታወቀ ሌላው ይቀላል። ደጋግሜ ስለሄድኩበት የቦርዶን አካባቢ ላንሳ፤ ቦርዶ ከተማው ነው፣ ሳንቴሚሊዮን ደግሞ አቅራቢያው ያለ የወይን መንደር።

እዚያ መድረሱ አያስቸግርም። ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ የሚነሳው ፈጣን ባቡር፣ ቴዤቬ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በ2 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ቦርዶ ይገባል። በመኪና ወደ 580 ኪሎ ሜትር ነው። 6 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የአውራ ጎዳናው ክፍያ ብቻ ከ50 ዩሮ ያልፋል። ሦስት አራት ሆናችሁ ወጪ ካልተካፈላችሁ በቀር ባቡሩ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ለምትመጡ ደግሞ ሻርል ደ ጎል ኤርፖርት ውስጥ የባቡር ጣቢያ አለ። በቀን ጥቂት ባቡሮች ፓሪስ ከተማ ሳይገቡ በቀጥታ ቦርዶ ይሄዳሉ። ዊጎ የሚባለው ርካሹ ባቡር ትልቅ ሻንጣ ለብቻ ያስከፍላል። ሁለት ሻንጣ ይዞ ለሚጓዝ ሐበሻ ዋጋውን ደምሮ ማየቱ ይበጃል።

ዋናው ነገር ማደሪያው ነው።

ቦርዶ ከተማ ውስጥ እንደ አቅማችሁ ክፍል ታገኛላችሁ። ትራሙም ሁሉም ቦታ ያደርሳል። ሲ መስመር ከባቡር ጣቢያው ኬንኮንስ አደባባይ ይወስዳችኋል፤ ቢ መስመር ደግሞ ሲቴ ዱ ቫን የተባለው የወይን ሙዚየም ድረስ ይሄዳል። ኬንኮንስ አጠገብ የቱሪስት ቢሮ አለ። ከዚያ ፊት ለፊት የቦርዶ ወይን አምራቾች ማኅበር የራሱን ባር ከፍቷል። ጥሩ ወይን በብርጭቆ፣ ኪስ በማይጎዳ ዋጋ ይቀዳል። ጠጥታችሁ በእግራችሁ ትገባላችሁ። ጉድለቱ አንድ ነው፦ መሃል ከተማ የወይን ግንድ አይታይም። ጠዋት መስኮት ስትከፍቱ የሚያልፈው ትራም ነው።

ሳንቴሚሊዮን ሌላ ነው። ከቦርዶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቴር በሚባለው የክልል ባቡር ግማሽ ሰዓት ከምናምን ነው። የቴር ዋጋ ዛሬ ቆረጣችሁ ከወር በፊት ያው ስለሆነ መቸኮል አያስፈልግም። ጣቢያው ግን ከመንደሩ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ስወርድ ታክሲ የለ፣ ሠራተኛ የለ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በወይን ግንዶች መሃል ሃያ ደቂቃ ያህል ተጓዝኩ። መንደሩ ስደርስ ኮብልስቶኑ ጀመረ። የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን እንዳይመስላችሁ። ድንጋዩ በዘመን ብዛት ለስልሶ ያንሸራትታል፤ አንዳንዱ ቁልቁለት መሃሉ ላይ መደገፊያ ብረት ተተክሎለታል። የሻንጣዬ አንድ ጎማ እዚያ ወልቆ ቀረ። እዚያ ለማደር ካሰባችሁ ትልቁን ሻንጣ ቦርዶ አስቀምጡና ትንሽ ቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ።

ታዲያ ለምን ይታደራል? ለምሽቱ። አመሻሽ ላይ ጎብኚ ያመጡት አውቶቡሶች ይሄዳሉ፤ መንደሩ ጭር ይላል። መስከረም ላይ፣ እኛ እንቁጣጣሽን ካከበርን በኋላ ባሉት ቀናት፣ ለቀማው ተጀምሮ ከየጓዳው የሚፈላ ወይን ሽታ ይወጣል። እናቴ ቤት ጠጅ ሲጠነሰስ የማውቀው ሽታ ነው። ይህን በቀን ደርሶ የሚመለስ ሰው አያገኘውም። ችግሩ ክፍሉ ጥቂት፣ ዋጋውም ውድ መሆኑ ነው። በፈረንሳይ የብርድ ወራት ደግሞ ብዙው ቤት ይዘጋል።

ብዙ ሰው የማያስባት ሦስተኛ አማራጭ አለች፤ ሊቡርን። የፓሪሱ ቴዤቬ አንዳንዱ እዚያ ይቆማል። ሳንቴሚሊዮን በባቡር 10 ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ የፖምሮል የወይን እርሻዎችም ከከተማዋ ጫፍ ይጀምራሉ። እንደ ሳንቴሚሊዮን አታምርም። ሆቴሏ ግን ይረክሳል፤ በር ላይም ባቡር አለ። ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው ሊቡርንን እመርጥለታለሁ።

በእርሻ መሃል ስላሉት የእንግዳ ማረፊያዎች አንድ ነገር ልበል። ፎቶው ልብ ይሰርቃል። እኔ የያዝኩት ቤት «ከመንደሩ 5 ደቂቃ» ይል ነበር፤ በመኪና መሆኑን የተረዳሁት ደርሼ ነው። ለእራት ሄጄ ለመመለስ የከፈልኩት የታክሲ ሂሳብ ቅናሹን በላው። ካርታ ላይ ርቀቱን ራሳችሁ ለኩ።

መኪና መከራየትስ? የሚያስፈልገው ለሜዶክ ነው፤ ከቦርዶ በስተሰሜን ላለው አካባቢ። ባቡሩ ማርጎና ፖይያክ ይደርሳል፤ ሻቶዎቹ ግን የተራራቁ ናቸው። ያም ሆኖ የፈረንሳይ ሕግ ለሾፌር የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል እንዳይሞላ ነው፤ ለአዲስ ነጂ 0.2። ሦስት ሻቶ ጎብኝቶ በዚህ ልክ መቆየት የሚቻለው እየቀመሱ ለሚተፉ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳችሁ የማትጠጡ ካልሆነ፣ ለሜዶክ ከቦርዶ የሚነሳ የአስጎብኚ ሚኒባስ ያዙ። ለሳንቴሚሊዮን ግን እግር ይበቃል። ከመንደሩ በእግር የሚደረሱ ሻቶዎች አሉ፤ ቀጠሮ ብቻ ቀድማችሁ ያዙ።

ሳንቴሚሊዮንና ሜዶክ የሚለያዩት በጣዕምም ነው። ሪፍት ቫሊ የተባለውን ወይን ባቱ ላይ ማምረት የጀመረው ካስቴል መነሻው ቦርዶ ነው። ከሪፍት ቫሊ፣ ሜርሎ ከሚባለው የወይን ዘር የሚሠራው የሚጥማችሁ ከሆነ ሳንቴሚሊዮን የሜርሎ አገር ነው። ካቤርኔ ሶቪኞን የተባለውን ዘር የምትወዱ ወደ ሜዶክ ሂዱ።

የእኔ ምርጫ ቦርዶ ሦስት ሌሊት፣ ሳንቴሚሊዮን አንድ ሌሊት ነው፤ ያውም ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባለው፣ ዋጋው ረገብ ሲል። ለሸንገን ቪዛ የማደሪያ ማስረጃ ስለሚጠየቅ፣ ቪዛው እስኪወጣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ክፍል ብቻ ያዙ። ሳንቴሚሊዮን ደርሳችሁ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ከባቡሩ ሳትወርዱ የመጨረሻውን መመለሻ ሰዓት እዩ። ያ ካመለጣችሁ ያለው ታክሲ ነው፤ 40ውን ኪሎ ሜትር።