«50 ሺህ ኪሎ ሜትር ጋራንቲ» የሚባለውን የሞተር ፍሬን ሸራ እንዳትገዙ

ሞተር የምትነዱ፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታደርሱ የምትውሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ሳታነቡ የፍሬን ሸራ እንዳትገዙ። ሰሞኑን በቴሌግራምም በመለዋወጫ ሱቅም «የማያልቅ ሸራ፣ 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ጋራንቲ፣ ካለቀ በነፃ እንቀይራለን» እየተባለ የሚሸጥ ዕቃ አለ። ታናሽ ወንድሜ ገዝቶ የፊት ፍሬኑ ላይ አስገጠመ። ሸራው እንደተባለው አላለቀም። ያለቀው ዲስኩ፣ ማለትም ሸራው የሚይዘው ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ነው።

ሻጩ ዘንድ ተመልሶ ሲሄድ ሰውየው ሸራውን አገላብጦ አየና «ይኸው ምንም አልሆነም፤ ጋራንቲ የሰጠነው ለሸራ ነው፣ ዲስክ እኛን አይመለከትም» ብሎ ሸኘው። ወረቀቱ ላይም እንደዚያው ነው የተጻፈው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ጋራንቲ የተሰጠው ርካሹ ዕቃ ላይ ነው፤ በዚያ ርካሽ ዕቃ የሚበላው ውዱ ዕቃ ግን ያለ ዋስትና ቀርቷል። ሸራው ብረት ያህል ስለሚጠነክር መቼም አያልቅም፣ ስለዚህ ሻጩ አንድም ቀን ካሳ አይከፍልም። የዲስክ ዋጋ ደግሞ የሸራን ስንት እጥፍ እንደሆነ ባለሞተር ሁሉ ያውቀዋል።

ዲስኩን ስናወርደው ፊቱ የድሮ የዘፈን ሸክላ መስሎ ነበር። ዙሪያውን የተቦረቦረ መስመር አለው፣ ጥፍር ሲያስኬዱበት ይይዛል። ጠርዙ ላይ ሸራው የማይደርስበት ቦታ ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ በአውራ ጣት ሲነካ እንደ ደረጃ ይታወቃል። ዲስኩ ገላ ላይ በላቲን ፊደል «ሚን ቲኤች 3.5» የሚል ተቀርጿል። ውፍረቱ ከ3.5 ሚሊ ሜትር ከወረደ አይነዳበትም ማለት ነው። በካሊብሮ (በውፍረት መለኪያ) የተበላውን ቦታ ስንለካው 3.2 ሆኖ ተገኘ። እንዲህ የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ይጣመማል፣ ሲብስም ይሰነጠቃል። ይህን ጽሑፍ የማታውቁትን ቃል እየዘለላችሁ ብታነቡት እንኳ ይህቺን ቁጥር ከራሳችሁ ዲስክ ላይ ፈልጋችሁ እዩ። ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ የሌላ ሰው ቁጥር አይሠራላችሁም።

የፍሬን ሸራ የተሠራው እንዲያልቅ ነው። ሞተሩ ሲሮጥ የያዘው ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚወጣው በሸራውና በዲስኩ ፍትጊያ ነው። ከሁለቱ አንዱ መሸነፍ ስላለበት ለመቀየር የሚቀለውና የሚረክሰው እንዲሸነፍ ተደርጓል። የማያልቅ ሸራ ሸጥኩላችሁ የሚል ሰው ወይ ዲስኩን የሚበላ ሸጧል፣ ወይ ደግሞ በደንብ የማይዝ። የወንድሜ ሁለቱንም ነበር። ጠዋት ብርድ ላይና ዝናብ ሲነካው እጀታው እስከ ጥግ ተጨምቆም ሞተሩ ወደፊት ይሄድ ነበር።

ታዲያ ደህና ሸራ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ቁርጥ ያለ ቁጥር የሚነግራችሁን አትመኑ። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ከ8 ሺህ እስከ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለው ክልል ነው፤ ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማ ውስጥ በየመብራቱና በየታክሲው ኋላ እየያዘ የሚውል ሰው ወደ ታችኛው ይጠጋል። ከከተማ ውጪ ለጥ ባለ አስፋልት የሚነዳ ደግሞ ወደ ላይኛው። ለዚህ ነው ሻጭ የእናንተን መንገድ፣ ጭነትና እጅ ሳያውቅ 50 ሺህ ብሎ ሊምልላችሁ የማይችለው።

ሸራ ከሚጨርሱ ነገሮች ትልቁ ፍጥነት ነው። ከ60 ላይ ለመቆም የሚወጣው ሙቀት ከ30 ላይ ለመቆም ከሚወጣው አራት እጥፍ ነው፣ እጥፍ ብቻ አይደለም። ስለዚህ መብራቱ ቀይ እንደሆነ እያየ እስከ መጨረሻው ነዳጅ ሰጥቶ ድንገት የሚይዝ ሰውና ከሩቁ ነዳጅ ለቆ በማርሽ እየቀነሰ የሚደርስ ሰው በአንድ ዓይነት ሸራ አንድ ዓይነት ኪሎ ሜትር አይሄዱም። ከኋላ ሰው ወይም የተከመረ ሳጥን ሲጨመር ደግሞ ይብሳል።

ቁልቁለት ሌላው ነው፣ የእኛ አገር ደግሞ ቁልቁለት ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ሳይለቅ ከያዘ ታች ሲደርስ የሚሸተው የሸራው ሽታ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለው መውረጃ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ የሚጣልበት ነው። እዚያ ላይ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ሸራ ማቃጠል ብቻ ሳይሆን የፍሬን ዘይቱንም ሊያፈላ ይችላል። አሮጌ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚጠጣ ቶሎ ይፈላል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ይወርድለታል። ከፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይገባና እጀታው ባዶ ይሆናል፤ ጨመቃችሁ፣ ምንም የለም። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ገና አናቱ ላይ ማርሽ ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ መተውና ፍሬኑን እየያዙ እየለቀቁ መውረድ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ሸራው ጥሩ ሆኖ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው ክፍል) ከተያዘ ሸራው ጊዜው ሳይደርስ ያልቃል። ክረምት ጭቃ ይገባል፣ በበጋ አቧራ፤ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ዘንግ ይደርቅና ፍሬኑን ስትለቁት አይመለስም። ምልክቱ ቀላል ነው። አንዱ ሸራ ሲያልቅ ሌላው ወፍራም ሆኖ ከቀረ፣ ወይም ጎማውን አንስታችሁ በእጅ ስታዞሩት ከከበደ፣ ችግሩ ከሸራው አይደለም። አዲስ ብትገዙም እንደዚያው ያልቃል። ሸራ በተቀየረ ቁጥር ዘንጉ ተጠርጎ ለፍሬን የሚሆን ግሪስ እንዲነካው ጠይቁ፣ ቆማችሁም አስደርጉ። በተረፈ እግርን የኋላ ፍሬን ላይ አሳርፎ መንዳትና ከአሞርዛተር ጎሚኒ የሚያፈስ ዘይት ሸራውን መንካቱ የታወቁ ናቸው። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይመለስም፣ ይጣላል።

አሁን ወደ ግዢው። የሞተር ዲስክ ሸራ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። ኦርጋኒክ የሚባለው ለስላሳ ነው፤ ዲስክ አይጎዳም፣ ጠዋት በብርድም ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ሲንተርድ የሚባለው ከብረት ዱቄት በሙቀትና በግፊት የተጋገረ ነው፤ ሙቀትና ውኃ ይችላል፣ ረዥም ይሄዳል፣ የሚገጠመው ግን እሱን እንዲችል ተደርጎ በተሠራ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። በመካከላቸው ከፊል ብረት የሆነው አለ። እንግዲህ ሲንተርድ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ለትልልቅ ሞተሮች ከፋብሪካ ተገጥሞ ይመጣል። እኛ አገር ለዕቃ ማድረስ የምንነዳቸው ከ100 እስከ 200 ሲሲ ያሉ ሞተሮች ላይ ግን የሞተሩ መመሪያ ካልፈቀደ «ጠንካራ ነው» ስለተባለ ብቻ አታስገጥሙ። ወንድሜ የገዛው ደግሞ ሲንተርድ እንኳን አይደለም። በሚለጠፍ ነገር የተጨፈለቀ የብረት ፍቅፋቂ ነው። ጠርዙን በጥፍሬ ስጫነው ቅርፊት ሆኖ ተነሳ፣ ከጀርባው ካለው የብረት ሳህን ጋር የተጣበቀበት ቦታም ክፍተት ነበረው። በድንገተኛ አያያዝ ላይ ያ ቢላቀቅ ብረት በብረት ላይ ነበር።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ሳጥኑን አትመኑ፣ ከፍታችሁ ዕቃውን ያዙት። ከጀርባው ሳህን ላይ የአምራቹ ስምና ቁጥር የተቀረጸ መሆን አለበት፤ በቀለም ብቻ የታተመ ወይም ምንም የሌለበት ከሆነ ተዉት። ብዙ ሸራ ላይ እንደ ኤፍኤፍ፣ ጂጂ፣ ኤችኤች ያሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራሉ፤ ከኤፍ ጂ፣ ከጂ ኤች ይበልጣል። ፊደሉ የያዘበትን ኃይል እንጂ ዕድሜውን አይነግርም፣ ሻጮች ግን «ኤችኤች ነው፣ አያልቅም» እያሉ ያምታታሉ። ሸራው ሳህኑ ላይ ዙሪያውን ክፍተት ሳይኖረው መቀመጡን፣ ሁለቱም እኩል ውፍረት እንዳላቸው፣ መሐሉ ላይ የማለቂያ ምልክት የሆነው ቦይ መኖሩን እዩ። ቦዩ ሊጠፋ ሲል ወይም የቀረው ሸራ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ መቀየር ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር እስኪቀር መጠበቅ ዲስክ ላይ መፍረድ ነው።

የኋላ ፍሬናቸው በዲስክ ሳይሆን በከበሮ (ሸራው ከውስጥ ሆኖ በሚገፋው) የሆነ ሞተሮች ደግሞ አብዛኞቹ የፍሬኑ ክንድ ሥር ቀስት አላቸው። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ቀስቱ ከምልክቱ ጋር ከገጠመ ሸራው አልቋል። ሽቦውን እያጠበቁ መንዳት መፍትሔ አይደለም።

ጋራዥ ውስጥም ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። የተቦረቦረ ዲስክ «ቶርኖ ቤት አስላጭተን እንመልስልህ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ውፍረቱን አስለኩ፣ ከተላጨ በኋላ ከተጻፈው በታች የሚወርድ ከሆነ እምቢ በሉ። የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል ተብሎ ዝም ብሎ ሲሞላላችሁ ሸራውን አሳዩኝ በሉ፤ ሸራ ሲሳሳ ፒስተኑ ወደፊት ስለሚወጣ ዘይቱ ከላይ ይጎድላል፣ ምልክት ነው። አዲስ ሸራ ሲገባ ያ ዘይት ተመልሶ ሞልቶ ይፈስና ቀለማችሁን ይበላል። ደግሞም የሸራ ብናኝ በአፍም በኮምፕሬሰርም አይነፋ፣ ርካሽ ሸራ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ይህን ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን እዚያ ተንበርክኮ ለሚሠራው ልጅም ብላችሁ ንገሩ።

አዲስ ሸራ አስገጥማችሁ የወጣችሁ ቀን ወዲያው ሙሉ በሙሉ ይይዛል ብላችሁ አትንዱ። የመጀመሪያዎቹን ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትሮች በለሰለሰ እጅ፣ ርቀት ጠብቃችሁ አስለምዱት። ከጋራዡ ሳትወጡም እጀታውን ጠንከር እስኪል ደጋግማችሁ ጨምቁ።

ዕቃውን ቀድሞ የገዛችሁ ካላችሁ ጎማውን አዙራችሁ ዲስኩን በጥፍር ፈትሹ። መስመር ከጀመረ ዛሬውኑ አውልቁት፤ ዲስኩ ከልኩ በታች ካልወረደ በለስላሳ ሸራ ሊተርፍ ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «ጋራንቲው ለሸራ ብቻ ነው» የሚለው ወረቀት ይህን መብት አይሽረውም። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል፣ ወንድሜ ደግሞ የተሰጠው የጋራንቲ ካርድ እንጂ ደረሰኝ አልነበረም። ስትገዙ ደረሰኝ ላይ የሸራው ዓይነትና የሞተሩ ሞዴል እንዲጻፍ አድርጉ። የገዛችሁት ገና 15 ቀን ካልሞላው ሸራውን ከነሳጥኑ፣ የዲስኩን ፎቶና የማስታወቂያውን ስክሪን ሾት ይዛችሁ ነገ ጠዋት ሻጩ ዘንድ ሂዱ፤ ቴሌግራም ላይ ያለው ማስታወቂያ ሊጠፋ ስለሚችል ስክሪን ሾቱን ዛሬ ማታ አንሱት።