ለጋሼ ምስጋና፣ ጥናት ለያዛችሁ ሁሉ ጥቆማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ! የተማሪ ጥናት ዳታና ካርታ እያዩ የሚያስተካክሉ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እንቅልፍ የነሳችሁ ልጆች፣ እሳቸውን ሳታማክሩ ለማንም ገንዘብ እንዳትከፍሉ።

የእኔ ጥናት ስለ ሳይኮሎጂ መከፋፈል ነው። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1957 ሙያው ለሁለት እንደተከፈለ ተናግሮ ነበር። በአንድ ወገን በቤተ ሙከራ ሁኔታዎችን እየለዋወጡ ውጤቱን የሚከታተሉ፣ በሌላው ወገን ሰው ከሰው የሚለይበትን በፈተና እየለኩ የሚያነጻጽሩ። እውነት ይህን ያህል ተራርቀው ነበር? በቢብልዮሜትሪክስ፣ ማለትም ማን የማንን ሥራ እንደጠቀሰ በመቁጠር፣ ላጣራ ተነሣሁ። ሁለት ሥራዎች በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ አብረው በተጠቀሱ ቁጥር፣ ሥራዎቹንና ጸሐፊዎቻቸውን በነጥብ በሚያሳይ ካርታ ላይ ይቀራረባሉ፤ ሄንሪ ስሞል በ1973 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ስሌት አትጠይቁኝ።

ከጋሼ በፊት ያየሁትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ «ታሪክ ለሚያጠና ሰው ቁጥር ምን ያደርግለታል?» ብሎ ከበር መለሰኝ። አማካሪ ነን ያሉት ደግሞ ገንዘቤን አስቀድመው ተቀብለው ጠፉ። ስንት ጊዜ ደጅ ካስጠኑኝ በኋላ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ያሸበረቀ ካርታ ላኩልኝ። ይህ ነጥብ ለምን እዚህ ዋለ ብዬ ስጠይቅ «ሶፍትዌሩ ነው ያወጣው» ይሉኛል። በአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የሙያ ክፍሎች ዝርዝር ውስጥ ቁጥር 4 እና 11 ባያገኙ «ዳታሽ ጎደሎ ነው» ብለው ተጨማሪ ክፍያ ጠየቁ! ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። ቁጥሩ እስከ 56 ይሂድ እንጂ ክፍሎቹ 54 ናቸው። 4ኛው የታሰበው ለሳይኮሜትሪክ፣ ማለትም ለሥነ ልቦና ልኬት ማኅበር ነበር፤ እነሱ ራሳችንን ችለን እንቆያለን ብለው ሳይገቡ ቀሩ። 11ኛው ደግሞ ከ12ኛው ጋር ተቀላቀለ። የሌለን ነገር ፈልገው ሊያስከፍሉኝ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ካርታው ላይ በሁለቱ ጎራዎች መካከል «ኦልፖርት» የሚል ትልቅ ነጥብ ተቀምጦ ነበር። አማካሪዎቹ «ድልድዩ ይኸው» ብለው በሪፖርታቸው አድንቀውታል። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ወንድም አለሽ?» አሉኝ። አለኝ አልኳቸው። «ሁለታችሁም በአባታችሁ ስም ብቻ ብትመዘገቡ፣ የአንቺን ሥራ ከእሱ ሥራ ማን ይለየዋል?»

ጥሬው ፋይል ሲከፈት ኦልፖርት አንድ ሰው አይደለም፤ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ፍሎይድ፣ ሰው ለብቻውና ከሌሎች ጋር ሆኖ ሲሠራ ያለውን ልዩነት በሙከራ የፈተሸው። ጎርደን፣ የስብዕና ጥናትን ከመሠረቱት አንዱ። ካርታውን የሠሩት ሰዎች የወንድማማቾቹን የመጀመሪያ ስም ፊደላት ቆርጠው ስለጣሉ ሁለቱ አንድ ሆነው ድልድይ ተባሉ። ጋሼ ለያዩአቸው፤ በ1921 አብረው የጻፉትን እንኳን አልዘነጉም፣ ለብቻው አኖሩት። ካርታው እንደገና ሲወጣ ያ ትልቅ ነጥብ ተሰነጠቀና እያንዳንዱ ወደ ወገኑ ሄደ።

የአባት ስም ነገር እኛን ሐበሾችን መቼ አጥቶን ያውቃል? አባቴ አሜሪካን ሳያይ ነው ያረፈው። ስሙ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ሲጠራ ይውላል፤ «አቤት» የምለው እኔ ነኝ። ጋሼም ይህን ስለሚያውቁት ይመስለኛል ዐይናቸው ቀድሞ እዚያ ላይ ያረፈው። አገር ቤት ሳሉ ዘመናቸውን ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው፤ የስም ካርድ ሲያስተካክሉ የኖረ እጅ ያስታውቃል።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ጊብሰን የሚለው ስም ሲመጣ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ባልና ሚስት ናቸው፣ ጄምስና ኤሌኖር። አንቺ ለያቸው፤ የምትመረቂው አንቺ ነሽ።» አጠገቤ ተቀምጠው ቡናቸውን እየጠጡ፣ ስሳሳት ሳይቆጡ፣ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ገንዘብ ተቀብሎ ዕውቀቱን የሚደብቅ በበዛበት ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? አማካሪ መምህሬ አዲሱን ካርታ ሲያዩ «ማን ሠራልሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «ራሴ ነኝ» ማለቱ ደስ ሲል!

እባካችሁ ሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ዋጋቸው ለተማሪ የሚከብድ አይደለም፤ እሳቸው ቀንሰው ቢጠይቁም እናንተ ጨምሩላቸው። ስትሄዱ ግን ሌላ ሰው ያጸዳውን ፋይል አትውሰዱ፣ አይወዱም። ጥሬውን ከነግሳንግሱ ይዛችሁ ሂዱ።