ለቦሎ የተሠራ፣ ለቤት የሚሸጥ፦ የእሳት ማጥፊያና የአደጋ ጊዜ ዕቃዎች ግምገማ

በመሐል አዲስ አበባ የደህንነት ዕቃ ወደሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ "ለቤት የሚሆን የእሳት ማጥፊያ አለ?" ብትሉ፣ ብዙውን ጊዜ ከመደርደሪያው የሚወርድላችሁ ለመኪና የመጣው ነው። ባለ 1 ኪሎ ቀይ ሲሊንደር፣ ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፤ ሦስቱም ለዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ተብለው የሚገዙ፣ ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ ከወንበር ሥር የሚረሱ። የጥቅምት 2017 የመርካቶ ሸማ ተራ ቃጠሎና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተነሥቶ እዚህ ድረስ ፎቅ ያወዛወዘው የመሬት መንቀጥቀጥ ስለ ቤተሰብ የአደጋ ዝግጅት ብዙ አስወርቷል። ወሬው ወደ ግዢ ሲዞር ግን ገንዘቡ የሚፈሰው የመርማሪውን ዓይን ለማለፍ በተሠራ ዕቃ ላይ ነው። እዚህ ዕቃዎቹን የምንመዝነው ከከሰሉ፣ ከምጣዱ፣ ከቡታጋዙና ከውኃው መጥፋት አንጻር ነው።

ለሚቸኩል ሰው ውሳኔው ይህ ነው፦ ሦስቱ የመኪና ዕቃዎች በአንድ ቦርሳ ታሽገው የሚሸጡትን ተዉት። በዚያው ገንዘብ ባለ 2 ኪሎ ማጥፊያ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያና ጀሪካኖች ለየብቻ ግዙ። የቀረው ቀስ ብሎ ይሟላል።

ባለ 1 ኪሎ ፓውደር የሚረጨው ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ብቻ ነው። ለቆሻሻ ቅርጫት ወይም በጅምሩ ለተያዘ የሞተር እሳት ይሆናል፤ መጋረጃና ፍራሽ ለያዘ እሳት ግን አይደርስም። ባለ 2 ኪሎው ወደ 10 ሰከንድ ይጠጋል፣ ባለ 6 ኪሎው ከ13 ሰከንድ በላይ ይሄዳል። ታዲያ ትልቁን ለምን አንገዛም ለሚል፣ ባለ 6 ኪሎው ከነሲሊንደሩ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አያት ወይም ታዳጊ ልጅ አንሥተው ሊያነጣጥሩት ይቸገራሉ። ለኮንዶሚኒየም ቤት ባለ 2 ኪሎ ሁለት ቢሆን ይመረጣል፦ አንዱ ከማዕድ ቤቱ በር ውጭ፣ ሌላው መኝታ ቤት አጠገብ። ማዕድ ቤት ውስጥ፣ በተለይ ከምድጃው በላይ መስቀል ትልቅ ስሕተት ነው፤ እሳቱ ሲነሣ ማጥፊያው ከእሳቱ ማዶ ይቀራል። ለግቢ ቤት ባለ 6 ኪሎው በረንዳ ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ በማይነካው ቦታ ይሰቀል።

ሱቁ ውስጥ አራት ነገር ሳታዩ አትክፈሉ። መጀመሪያ መለያው ላይ "ኤቢሲ" (ABC) መባሉን አረጋግጡ። "ቢሲ" ብቻ የሚለው ለዘይትና ለኤሌክትሪክ እሳት ነው፤ ፍራሽና እንጨት ላይ ሲረጭ ነበልባሉ ይጠፋና ፍሙ ተመልሶ ይነሣል። በኤቢሲ ውስጥም እሳቱን የሚያጠፋው ዋናው ንጥረ ነገር፣ የሞኖአሞኒየም ፎስፌት መጠን በመቶኛ ይጻፋል፤ ከፍ ያለው ይሻላል፣ ጭራሽ ያልተጻፈበት ይለፋችሁ። ቀጥሎ የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት አረንጓዴው መሐል መሆን አለበት፤ ጌጁን በጣት መታ መታ ስታደርጉት ቀስቱ ፈጽሞ ካልተንቀጠቀጠ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ሚዛን ነው። ጠቅላላ ክብደቱ መለያው ላይ ተጽፏል፤ አስመዝኑት፣ በጉልህ ከጎደለ ፓውደሩ አልሞላም ማለት ነው። ሻጩ በዚህ ቢቆጣ ሌላ ሱቅ አለ። በመጨረሻ ቀለበት ያለው ፒንና የፕላስቲክ ማሰሪያው እንዳልተነካ እዩ። "ይሠራል፣ ላሳይህ" ብሎ ትንሽ የሚረጭ ሻጭ ዕቃውን አበላሽቶ ነው የሚሸጥላችሁ፤ አንዴ ከተጫኑት ፓውደሩ ቫልቩ ላይ ይቀርና ግፊቱ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል።

ከመኪና አውጥቶ ወደ ቤት ማስገባትም አይመከርም። ንዝረቱ ፓውደሩን ከሥር ሊጠቀጥቀው ይችላል፤ ያኔ ጌጁ አረንጓዴ እያሳየ ሲጫኑት ጋዙ ብቻ ሊወጣ ይችላል። ቤት ያለውንም ቢሆን በወር አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ፓውደሩ ሲንሸራተት በእጅ ይታወቃል። አጠቃቀሙ ረጅም ትምህርት አይጠይቅም፦ መውጫው ከጀርባችሁ ይሁን፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ራቁ፣ ፒኑን ንቀሉ፣ ነበልባሉን ሳይሆን የእሳቱን ሥር እያነጣጠራችሁ ግራና ቀኝ ጥረጉ። ጭሱ ጣሪያውን ሸፍኖ ወደ ታች መውረድ ከጀመረ ግን ማጥፊያውን ጣሉት፣ በሩን ከኋላችሁ ዝጉና ውጡ።

ማዕድ ቤት ውስጥ ፓውደር ሁልጊዜ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። የፈላ ዘይት ላይ ከቅርብ ሲረጭ ዘይቱን ይበትነዋል፤ ውኃ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን መክደን ይበልጣል። የእሳት ብርድ ልብስ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ የፋይበርግላስ ጨርቅ ነው፤ ዋጋው ከማጥፊያ ያነሰ፣ ቀን የማያልፍበት፣ ሕፃን እንኳ የማያበላሸው፤ ሆኖም ሱቆች ራሳቸው ብዙም አያቀርቡትም። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን የእንጀራ ምጣድ በደንብ ይሸፍናል። ጠርዙን እጃችሁ ላይ ጠቅልላችሁ፣ ከእናንተ ወደ ማዶ አልብሱት፤ ከ15 ደቂቃ በፊት ገልጦ ማየት እሳቱን መልሶ መጥራት ነው።

ምጣዱ ከተነሣ፣ ለእሳት መከላከያ ከሚወጣ ብር ሁሉ ዋጋ ያለው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚከፈለው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ገበያ ላይ ያለው የሶኬት ማከፋፈያ አብዛኛው 10 ወይም 13 አምፔር ነው የሚችለው፣ ያም የተጻፈው እውነት ከሆነ። ለምጣድ ለብቻው ከብሬከር የተዘረጋ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት እንጀራ ከወጣ በኋላ ምጣዱን አጥፍታችሁ፣ የሶኬቱን ክዳን በእጅ ጀርባ ንኩት፤ ካቃጠለ ውስጡ ላልቷል። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር በትልቅ ብሬከር መቀየር ደግሞ ጠባቂውን አባሮ ሌባውን ማስገባት ነው፤ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይነዳል። የቡታጋዝ ጎማና ሬጉሌተር ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር በሳሙና አረፋ ይፈተን፤ አረፋ ከተነፋ ይፈሳል። በክብሪት የሚፈትን ሰው አሁንም አለ።

ማንቂያዎች ላይ ግምገማችን ለሁለት ይከፈላል። የጭስ ማንቂያ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ቡና በሚቆላበትና እጣን በሚጨስበት ቤት ግን ቦታው ካልታሰበበት በሳምንቱ ባትሪው ይወጣለታል። ከማዕድ ቤቱና ከቡናው ቦታ አርቃችሁ፣ በመኝታ ክፍሎቹ መካከል ጣሪያ ላይ ስቀሉት፤ ለጊዜው ጸጥ ማድረጊያ ቁልፍ ያለውን ምረጡ። ባለ አንድ ክፍል ቤት ከሆነ በጭስ ሳይሆን በሙቀት የሚጮኸው ይሻላል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግን ያለ ክርክር ይገዛ። በክረምትና በኅዳር፣ በታኅሣሥ ብርድ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል ይገባል፤ "ጭሱ ወጥቷል፣ ፍም ብቻ ነው" የሚለው ንግግር ነው ሰው የሚገድለው። ፍሙ ቀልቶ፣ ጭስና ሽታ ጠፍቶ ሳለም ጋዙ ይወጣል፤ የጭስ ማንቂያው ደግሞ አያየውም። ስትገዙ ጀርባው ላይ ኢኤን 50291 (EN 50291) የሚለውን የአውሮፓ ደረጃ ፈልጉ፤ ይህን ያሟላ መሣሪያ በአየሩ ውስጥ ጋዙ ከሚሊዮን 300 እጅ ሲደርስ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል። የተመረተበትን ቀንም እዩ፤ ሴንሰሩ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ ዕድሜውም ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ያልቃል። የመሞከሪያ ቁልፉ የሚፈትነው ድምፁንና ባትሪውን እንጂ ሴንሰሩን አይደለም፤ ስለዚህ ደረጃው ያልተጻፈበትን፣ ቁጥር ብቻ የሚያሳየውን ርካሽ ዕቃ አትመኑት። ሲጮህ መስኮት ከፍቶ መተኛት የለም፤ ሁሉም ሰው ይወጣል፣ ራሱን ያመመው ወይም ያስታወከው ሰው ወደ ሕክምና ይሄዳል። ማንቂያው ተገዛ ብሎ ከሰል አስገብቶ ማደርም አይቻልም።

የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ከሁሉ ደካማው ነው። ስስ ፋሻ፣ ጥቂት ፕላስተር፣ ጨርቅ የማይቆርጥ መቀስ። ከፋርማሲ ለየብቻ ቢገዛ፦ ሰፋፊ ንጹሕ ጎዝ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፋሻ ቢያንስ አራት፣ ጓንት፣ ኦአርኤስ፣ ፓራሲታሞል፣ እንዲሁም በቤቱ የደም ግፊት ወይም የስኳር ታማሚ ካለ የአንድ ሳምንት መድኃኒት። ለቃጠሎ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ቅባት ሁሉ ውኃ ይበልጣል። ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት የለም። ቧንቧው በሌለበት ቀን ይህ የሚሆነው ከጀሪካን በጣሳ እየቀዱ ነው፦ በደቂቃ 1 ሊትር፣ ለ20 ደቂቃ፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን።

ጀሪካን ሲባል፣ በሰው በቀን 4 ሊትር ለሦስት ቀን ብትይዙ ለአምስት ሰው 60 ሊትር፣ ሦስት ባለ 20 ጀሪካን ነው፤ የቃጠሎውን ከጨመራችሁ አራት። የምግብ ዘይት የነበረበት በሳሙናና በሙቅ ውኃ ከታጠበ ይሆናል፤ ምን እንደነበረበት የማይታወቅ ግን ለመጸዳጃ ቤት እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። ቀን ጻፉበትና የቆየውን አስቀድማችሁ ተጠቀሙ። የተጠራጠራችሁትን ውኃ ስታፈሉ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነውና የሚፈላው፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቁ። ከውጭ የሚመጣው የታሸገ "የአደጋ ጊዜ ብስኩት" ገንዘብ አይገባውም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ሳይበስሉ ይበላሉ፣ ሕፃናቱም ያውቋቸዋል። በሶ በውኃና በስኳር ተበጥብጦ ምግብም መጠጥም ነው።

ቻርጅ የሚደረጉት ትልልቅ መብራቶች ውስጥ የሊድ ባትሪ ካለ ተራግፎ ሲቀመጥ ይሞታል፤ በወር አንዴ ቻርጅ የማታደርጉት ከሆነ ተራ ድንጋይ የሚቀበል የእጅ ባትሪ ይሻላችኋል። ድንጋዩን አውጥታችሁ አጠገቡ አስቀምጡ፣ እንዳይፈስበት።

ከዚህ ሁሉ ዕቃ ጋር የማይሸጠው የበሩ ቁልፍ ነገር ነው። የብረት በር ከውስጥ በጓጉንቸር ተቆልፎ ቁልፉ ትራስ ሥር የሚያድርበት ቤት ውስጥ ማጥፊያ ደርድሮ ዝግጅት የለም። ቁልፉ ከበሩ ክንድ በሚያህል ርቀት፣ ልጅ በሚደርስበት ከፍታ ይንጠልጠል፤ ከውጭ በመስኮት በኩል ግን እጅ እንዳይደርስበት። ሁሉም መስኮቶች ፍርግርግ ካላቸው አንዱን ብየዳ ቤት ወስዶ በማጠፊያ የሚከፈት ማድረግ ከማንኛውም ማንቂያ ይቀድማል። በሩ ጀርባ ላይ በትልቁ ጻፉ፦ እሳት 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ ኤሌክትሪክ 905። ከቁጥሮቹ ሥር ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የብሎክና የቤት ቁጥሩን፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ምልክትም ጨምሩ፤ የደነገጠ ሰው የገዛ ሰፈሩን ስም ይረሳል። ከደወላችሁ በኋላ አንድ ሰው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ መኪናውን ያስገባ። ከቤት ወጥቶ የሚሰበሰቡበት ቦታ ከሕንጻው የራቀ ይሁን፤ የእድሩ ሰብሳቢም የትኛው ቤት ውስጥ የአልጋ ታማሚ እንዳለ ይወቅ።

ለመንቀጥቀጡ የሚገዛው ነገር ጥቂት ነው፦ ቁም ሣጥንና ብፌን ግድግዳ ላይ የሚይዝ የኤል ቅርጽ ብረት። ውስጡ ባዶ ብሎኬት ላይ ተራ ፊሸር አይይዝም፤ ባዶው ውስጥ የሚከፈተውን ዓይነት ጠይቁ ወይም ኮንክሪቱ ኮለን ላይ ምቱት። ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ሥር ነው የሚገባው፤ ደረጃው ላይ አይሮጥም።

ስለ ማስሞላት አገልግሎቱ። ማጥፊያው ለአንድ ሰከንድም ቢረጭ መሞላት አለበት። ባለ 1 ኪሎውን ከማስሞላት አዲስ ባለ 2 ኪሎ መግዛት ያዋጣል። ትልልቆቹን ስታስሞሉ አሮጌው ፓውደር ሲገለበጥ ቆማችሁ እዩ፤ ግፊት ብቻ ጨምሮ አዲስ ቀን የሚለጥፍ አለ። ሲመለስላችሁ እንደ አዲሱ አስመዝኑት፣ ጌጁን በስልክ ፎቶ አንሡና ከ15 ቀን በኋላ አስተያዩ። ቀስቱ ወርዶ ከሆነ ቫልቩ ያፈሳል፣ መልሱት።