ምንም ሳይሸጥልን የሸኘን ቲኬት ሻጭ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስሙን አልጠየቅነውም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኩር በምትባል ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ፣ ቲኬት መስኮት ላይ የሚሰራ ሸበቶ ሰውዬ ነው። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። አማርኛ እንደማያነብ አውቃለሁ። ወደዚያ የምትሄዱ ሀበሾች ግን ታነቡታላችሁና ለእናንተ ይሁን።

እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ደግሞ ሜሪላንድ። "አንድ ቀን አውሮፓን በባቡር እንዞራለን" ስንባባል ኖረን ዘንድሮ ሰመር ላይ ተሳካልን። ከፍራንክፈርት ዙሪክ፣ ከዙሪክ ኩር፣ ከዚያ አልፕስን ተሻግረን ጣልያን፦ ቲራኖ፣ ሚላኖ፣ ሮም፣ በመጨረሻ ቪየና።

የባቡር ፓስ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ አንዴ ተከፍሎበት ብዙ ባቡር የሚያሳፍር ቲኬት ነው። አውሮፓ ነዋሪ የሆነ ሰው ኢንተርሬይል ይገዛል። ከውጭ የሚመጣው ዩሬይል። ሁለቱም 33 አገር ውስጥ ይሰራሉ። እስከ 27 ዓመት ላሉ ወጣቶችና 60 ለሞላቸው ቅናሽ አላቸው፤ እኛ መሀል ላይ ስለተገኘን ሙሉውን ከፈልን። ኢንተርሬይል በምትኖሩበት አገር ውስጥ እንደልብ አያስኬድም። አንዴ ለመውጫ፣ አንዴ ለመመለሻ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው። ከኩር ቲራኖ የሚሄደውን ቀዩን ባቡር፣ ቤርኒና ኤክስፕረስን፣ በቪዲዮ ሳታዩት አትቀሩም። መስኮቱ እስከ ጣሪያው ይደርሳል። ፓስ ቢኖራችሁም ወንበር ለብቻው ከፍላችሁ ማስያዝ ግዴታ ነው። እኛ የምንሄድበት ቀን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተይዟል። ጓደኛዬ አትላንቲክን ያቋረጠችው ለዚህ ባቡር ነው ብል አላጋነንኩም። እስቲ እንለምን ብለን መስኮቱ ጋ ተሰለፍን።

ሰውዬው ኮምፒውተሩን አየና "የለም" አለ። አመስግኜው ዞር ልል ስል "ለምን ፈለጋችሁት?" አለን።

"ተራራውን ልናይበት ነዋ!" አለችው ጓደኛዬ።

"ተራራው እኮ የባቡሩ አይደለም" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ያስረዳን ጀመር። በዚያው ሐዲድ ላይ ተራ ቀይ ባቡር በየሰዓቱ ይሄዳል። ያው 55 ዋሻ፣ ያው 196 ድልድይ ነው። ወንበር ማስያዝ የለም፣ ፓሳችሁ ይበቃል። ሳንክት ሞሪትዝ ላይ ባቡር ትቀይራላችሁ፣ በቃ። ደስ ያላችሁ ጣቢያ ወርዳችሁ በሚቀጥለው መሳፈርም ትችላላችሁ። ውዱ ባቡር ይህን አይፈቅድላችሁም። አንዳንዱ ተራ ፉርጎ ደግሞ መስኮቱ ይከፈታል፤ ፎቶ ስታነሱ የመስታወት ነጸብራቅ አያስቸግራችሁም።

ይህን ብሎ ቢያበቃ ራሱ ይበቃን ነበር። እሱ ግን ሙሉውን የጉዞ ሰዓት አትሞ አወጣና እስክሪብቶ አነሳ። ፊሊሱር ከሚለው ስም በላይ አሰመረበት፤ "እዚህ ከመድረሳችሁ በፊት ስልካችሁን አዘጋጁ" አለ። ላጎ ቢያንኮ የሚለው ሐይቅ ጋ በስተቀኝ ቀስት አደረገ። አልፕ ግሩም አጠገብ እጀታ ያላት ሲኒ ሳለ። "ውረዱና ቡና ጠጡ" ማለቱ ነው። ብሩሲዮ ላይ ደግሞ ድፍን ክብ። ከኋላችን የቆመው ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰምቶታል። ቀና ብሎ ፈገግ አለለትና ስዕሉን ቀጠለ።

ልንሄድ ስንል የጓደኛዬን ስልክ ጠየቃት። የፓሱ አፕ ላይ የዕለቱን ጉዞ አላስገባችም ነበር። ፓሱ የሚሰራው የዚያን ቀን ጉዞ መዝግባችሁ ኪው አር ኮዱ ሲወጣ ነው። ያንን ሳያደርግ የተሳፈረ ቲኬት እንደሌለው ይቆጠርና ይቀጣል። መስታወቱ ላይ ተደግፎ የት የት እንደምትጫን አሳያት።

ልብ በሉ፤ ቲኬት ሻጭ ነው፣ እኛ ደግሞ ሰባራ ሳንቲም አልከፈልነውም። "ነገ ተመለሱ" እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወረቀቱ ላይ ያደረገው እያንዳንዱ ምልክት ሰራ። ፊሊሱር ሊደርስ ሲል ባቡሩ ወደ ቀኝ ታጠፈና 65 ሜትር ከፍታ ያለው የላንድቫሰር ድልድይ ላይ ወጣ። ድልድዩ እየታጠፈ ሄዶ ቀጥ ያለ ገደል ጋ ያልቃል። ገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ አለ፤ ባቡሩ እዚያ ውስጥ ይሰወራል። ጓደኛዬ መቅረጽ ጀምራ መሀል ላይ ስልኩን ትታ በዓይኗ ማየት መረጠች።

ኦስፒዚዮ ቤርኒና ስንደርስ ጣቢያው ላይ 2253 ሜትር የሚል ተጽፏል። የመስመሩ ጫፍ ነው። ፈረንጆቹ ከፍታው እየደነቃቸው ፎቶ ይነሳሉ። ጓደኛዬ "እንዴ፣ ከቦሌ እኮ ያንሳል!" ብላ ሳቋን ለቀቀችው። እውነቷን ነው፣ ያንሳል። ግን ቦሌ ላይ እንዲህ ያለ ነጣ ያለ የበረዶ ውሃ ሐይቅ የለም። ሐይቁ ደግሞ ሰውዬው እንዳለው በስተቀኝ ነበር።

አልፕ ግሩም ወርደን ቡናችንን ጠጣን። ፊት ለፊታችን የፓሉ የበረዶ ግግር ተንጠልጥሏል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ባቡሩ ጥርስ ባለው ሐዲድ ሳይታገዝ፣ በየ1000 ሜትሩ እስከ 70 ሜትር እየወረደ፣ ቲራኖ 429 ሜትር ላይ ይደርሳል። ብሩሲዮ ላይ የተሳለው ክብ ምን እንደሆነ ያኔ ገባን። ባቡሩ ሜዳ ላይ ክብ ሰርቶ ይዞርና ራሱ ባለፈበት ድልድይ ስር ይወጣል። ዩኔስኮ መስመሩን እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም ቅርስ ያደረገው ያለ ነገር አይደለም። ቲራኖ ሲገባ ደግሞ ባቡሩ መኪና መንገድ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው የሚያልፈው። መኪኖቹ ቆመው ያሳልፉታል።

የቀረውን ልሩጥበት። ሚላኖ ለፎቅና ለሱቅ ካልሆነ አልማረከኝም፤ ሚላኖ ያላችሁ ይቅርታ። ከሚላኖ ሮም በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። እሱ ላይ ግን ፓስ ብቻ አይበቃም፣ ወንበር ከፍላችሁ ታስይዛላችሁ። ሮም ተርሚኒ ስትወርዱ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ ዝም ብላችሁ አትለፉት። "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ነው የሚባለው። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዚያው አቅራቢያ ቆሟል። እኛም ሻንጣችንን እየጎተትን ሄደን አየነው።

ከሮም ቪየና በናይትጄት የሌሊት ባቡር ሄድን። ለዚህም ከፓሱ ሌላ የመኝታ ይከፈላል። ሴት ለሴት የምትጓዙ ከሆነ ስታስይዙ የሴቶች ክፍል ብላችሁ ምረጡ፣ አለ። የፉርጎው አስተናጋጅ ጠዋት በሩን ቀስ ብሎ አንኳኩቶ ቡናና ዳቦ ይዞልን መጣ። እሱም ምስጋናዬ ይድረሰው።

እንግዲህ በዚያ የምታልፉ ሰዎች፣ የኤክስፕረሱ ወንበር አለቀ ብላችሁ ጉዞ አትሰርዙ። ወንበር ቢኖርም እንኳ እኔን ብትጠይቁኝ ተራውን ባቡር እመርጣለሁ። ኩር ላይ ግማሽ ሰዓት ትርፍ ይኑራችሁ፤ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና መስኮቱ ጋ ሄዳችሁ ሰው ጠይቁ። እንግሊዝኛ ይበቃል። መነጽሩን በክር ያንጠለጠለው ሰውዬ ከገጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ባይገጥማችሁ "ወደ ቲራኖ በተራው ባቡር፣ አልፕ ግሩም ወርደን" በሏቸው፤ ሰዓቱን አትመው ይሰጧችኋል።

እኔ ፍራንክፈርት እንደተመለስኩ ለባቡር ድርጅቱ በጀርመንኛ የምስጋና ደብዳቤ ላክሁ። ስሙን ስለማላውቅ ጣቢያውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ፤ የሲኒዋን ስዕል ፎቶም አያያዝኩ።