ኮድ አንባቢ፣ ስካነር፣ ሙልቲሜትር፦ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ሴንሰርን ለመመርመር የቱ ይገዛ?

ፒ0710 የሚል ኮድ (የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ሴንሰር መስመር ጥፋት ምልክት) ያየ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ አዲስ ሴንሰር መግዛት ነው። እኔ ግን ከሴንሰሩ በፊት መመርመሪያው ይገዛ ባይ ነኝ። ኮዱ የሚናገረው ስለ ሴንሰሩ ብቻ ሳይሆን ከካምቢዮው ኮምፒውተር ተነስቶ በሶኬትና በሽቦ ስለሚያልፈው መስመር በሙሉ ነው። በብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ሴንሰሩ ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው ያለው። እሱን ለመቀየር ዘይት ማፍሰስና የታችኛውን ክዳን መፍታት ግድ ይላል። ይህ ሁሉ ተደክሞ ጥፋቱ የሶኬት ዝገት ሆኖ ሲገኝ ያንገበግባል።

ርካሹ ምርጫ ኮድ አንባቢ ነው። ብዙዎቹ ግን የሚያናግሩት የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ስለሆነ ፒ0700 አሳይተው ሊያበቁ ይችላሉ። ትርጉሙ የካምቢዮው ኮምፒውተር የራሱን ኮድ መዝግቧል ማለት ነው፤ ያን ኮድ ማየት ካልቻላችሁ ዳሽቦርድ ላይ ከበራው የማስጠንቀቂያ መብራት ያለፈ ነገር አላወቃችሁም። እስከ ካምቢዮው የሚዘልቅ ከሆነ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ፒ0712 ሲግናሉ ከመጠን በላይ ዝቅ ማለቱን ይነግራል፣ ብዙ ጊዜም ከቦዲ ጋር የተነካካ ሽቦ ነው። ፒ0713 ሲግናሉ ከፍ ማለቱን ያመለክታል፤ የተበጠሰ ሽቦ ወይም የለቀቀ ሶኬት ፈልጉ። ፒ0714 የሚቆራረጥ ግንኙነት ነው። ፍንጭ ግን ማስረጃ አይደለም።

ላይቭ ዳታ (ሴንሰሮቹ በዚያው ቅጽበት የሚልኩትን ንባብ) የሚያሳይ ስካነር ሌላ ደረጃ ነው፤ አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ እሱን ግዙ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የካምቢዮ ዘይቱን፣ የሞተሩን ውሃና የሚገባውን አየር ሙቀት ጎን ለጎን እዩ። ሦስቱ በጥቂት ዲግሪ መቀራረብ አለባቸው። ሁለቱ 18 እና 19 ዲግሪ እያሉ ዘይቱ 70 የሚል ከሆነ አንድም ነገር ሳትፈቱ ብዙ አውቃችኋል። ከዚያ እየነዳችሁ ግራፉን ተከታተሉ። ዘይት ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው፤ በአንድ ሰከንድ 40 ዲግሪ የሚዘል ንባብ የኤሌክትሪክ ጥፋት ነው። በብዙ መኪኖች ሶኬቱ ሲነቀል ንባቡ ወደ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከወረደ ኮምፒውተሩ መለወጡን አይቷል ማለት ነው፤ ፍለጋው ከሶኬቱ ወደ ካምቢዮው ይዞራል።

ስትገዙ ተጠንቀቁ፦ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት በአብዛኛው መኪና ከተለመደው የኦቢዲ (ለሁሉም መኪና የጋራ የሆነ የምርመራ ሥርዓት) ዝርዝር ውስጥ የለም፣ አምራቹ ለብቻው ያስቀመጠው ዳታ ነው። «ሁሉንም መኪና ያነባል» የሚለውን ማስታወቂያ ትታችሁ በራሳችሁ ሞዴልና ዓመት ይህን ንባብ ያሳይ እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ። ስካነሩ የሚያሳየውንም ሁልጊዜ እንዳለ አትቀበሉ። በመርሴዲስ 722.6 ካምቢዮ ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ሲሆን የሴንሰሩ መስመር ይቋረጣል፤ ኮምፒውተሩ በምትኩ የሞተሩን ሙቀት ይወስዳል። ትክክለኛውን ለማየት ፍሬን አጥብቆ ረግጦ ዲ ማስገባት ያስፈልጋል።

ቮልትና ኦም የሚለካው ሙልቲሜትር የመጨረሻውን ፍርድ ይሰጣል። አብዛኞቹ ሴንሰሮች ሲሞቁ ሬዚስታንሳቸው (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠናቸው፣ በኦም የሚለካው) ይቀንሳል። ለምሳሌ በጂኤም 4ኤል60ኢ ካምቢዮ በ20 ዲግሪ ወደ 3,500 ኦም፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 180 ኦም ገደማ ነው። ከላይ ያነሳሁት መርሴዲስ በተቃራኒው ሲሞቅ ይጨምራል፤ የመኪናውን ሰንጠረዥ ሳያዩ «ሞቷል» ማለት ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ኦም የሚለካው ሶኬቱ ተነቅሎ ነው። በኮምፒውተሩ በኩል ባለው ሶኬት ደግሞ ቁልፉ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ይጠበቃል። ቮልቱ ከሌለ ሴንሰር መቀየር ዋጋ የለውም። የሙልቲሜትር ድክመቱ የቆመ መኪና መሣሪያ መሆኑ ነው፦ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ብቻ የሚጠፋን ግንኙነት በቀላሉ አይዝም። የሽቦ ስዕልም ይፈልጋል። ዝቅተኛና ከፍተኛ ንባብ የሚያስቀምጠውን ምረጡ።

ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለዚህ ሥራ ብቻ ብዬ አልገዛም። የሚለካው የብረቱን ገጽ እንጂ ዘይቱን አይደለም፤ የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ጥቁር ቴፕ ለጥፋችሁ እሱ ላይ ብታነጣጥሩ ይሻላል። ካላችሁ ግን ስካነሩ 130 ዲግሪ ሲል የዘይት መያዣው 50 ብቻ ከሆነ ንባቡን ለመጠራጠር በቂ ምክንያት ነው።

ኮድ አንባቢ ቀድሞ ያለው ሰው ሌላ ኮድ አንባቢ አይጨምር፤ ስካነር እስኪገዛ ሙልቲሜትር ይያዝ። ስካነሩ ከጥገናው በኋላም ሥራ አያጣም። ዲፕስቲክ (የዘይት መለኪያ ዘንግ) በሌላቸው ብዙ ካምቢዮዎች የዘይት ልክ የሚታየው በተወሰነ ሙቀት ነው፤ በዜድኤፍ ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ሞተሩ እየሠራ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ውስጥ። ሴንሰሩ የሚዋሽ ከሆነ የዘይቱም ልክ ይሳሳታል። ስለዚህ አዲሱን ሴንሰር ገጥማችሁ ዘይት ከመሙላታችሁ በፊት፣ ቀዝቃዛ ሳለ ንባቡን ከሞተሩ ውሃ ጋር አንድ ጊዜ አስተያዩ።